ግራ እግሬን የነከሰኝ አዞ

«ታዲያ እኔን ለምን ገደልከኝ?» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ወረቀቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠግተው።

«ጋሼ፣ እርስዎን አልገደልኩም። ጽሑፉ ውስጥ ያለው አባት ነው የሞተው።»

«የሀያት አባት ይላል እኮ። የሀያት አባት ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ሞቷል ይላል።»

«አዎ፣ ይላል።»

«በምን ሞትኩ?»

ሁለተኛውን ገጽ እንዲገልጡ በአገጬ አመለከትኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የገዛ አሟሟታቸውን አነበቡ። የባቡሩን ድልድይ ሲጠግኑ እግራቸው አዳልጧቸው አዋሽ ገደል ገብተው ነበር።

«እኔ ድልድይ ላይ ወጥቼ አላውቅም» አሉ። «ከፍ ያለ ቦታ ያዞረኛል።»

«ለዚያ ነዋ የወደቁት።»

ከወጥ ቤት የባለቤታቸው የእትዬ ዘይነባ ድምፅ መጣ። «እኔስ ምን ሆኛለሁ?»

«አንቺ ደህና ነሽ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ። «ሌላ ባል አግብተሽ ጅቡቲ ገብተሻል።»

እትዬ ዘይነባ ማማሰያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። እኔን አዩኝ፤ ባላቸውን አዩ፤ ከዚያ «ያገባሁት እሱ ከመሞቱ በፊት ነው በኋላ?» ብለው ጠየቁ። ይህን አልጻፍኩትም ነበር። ጎበዝ አንባቢ ደራሲው የዘለላትን ነገር ሄዶ ይይዛል።

ልጃቸው ሀያት ጠረጴዛ ትወለውል ነበር። ጉዳዩ ግን የእሷ ነው። «በጨረቃ ብርሃን ነው ያጠናችው ይላል» አለች ቀና ሳትል። «በዚህ ሰፈር ጄኔሬተር ያለን እኛ ብቻ ነን።»

አንባቢዎቼ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። ሰው የሚገድል ሰው አይደለሁም። ታፔላ የምጽፍ ሰው ነኝ።

ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ፣ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት ቦታ፣ ምግብ ቤት ከከፈቱ ረጅም ጊዜ ሆኗቸዋል። ሀያት የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥታ ነው። ሁለተኛ የወጣው ልጅ ከእሷ በጣም ከመራቁ የተነሳ ሌላ ፈተና የተፈተነ ይመስላል። ይህች ልጅ ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ኮሌጅ አገኘች። የኮሌጁን ስም አልናገርም፤ ብናገርም በትክክል አልጠራውም። ለተቀበለው ተማሪ ከአውሮፕላን ቲኬት እስከ ብርድ ልብስ ሁሉንም ይችላል። ጣጣው የሚቀበላቸው በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። የሚያመለክቱት ደግሞ ከየሀገሩ፣ ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጡ ናቸው። እንግዲህ አንደኞች ብቻ ተሰልፈው ከመሃላቸው አንደኛ የሚፈለግበት ሰልፍ ነው።

ሀያት መማር የምትፈልገው ስለ ውሃ ነው። የወንዝ፣ የሐይቅ፣ የዝናብ ነገር። ያንን በወጉ የሚያስተምር ቦታ ይህ ኮሌጅ ነው ብላ ከዓመት በፊት ወስናለች። ማመልከቻው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ስለ ራሷ የሚተርክ ጽሑፍ፣ ከክፍል ውጭ የሠራቻቸው ሥራዎች፣ ካስተማራት ሰው ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ። ለመጀመሪያው ጽሑፍ ወደ እኔ መጣች። እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ እሷ ትተረጉመዋለች። የእኔ እንግሊዝኛ ከሰላምታ አያልፍም።

ወደ እኔ የመጣችው የከተማው ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። ማንም አልሾመኝም። ግን ከአዋሽ ወደ ጅቡቲ ከሚወርዱት የጭነት መኪኖች ኋላ ላይ የምታነቧቸው ስንኞች አብዛኞቹ የእኔ ናቸው። ሌላው ገጣሚ መጽሐፌ አዲስ አበባ ተሸጠ ብሎ ይኮራል፤ የእኔ ግጥም ወደብ ደርሶ ማዳበሪያ ጭኖ ይመለሳል። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን ለሰዎች ስነግራቸው «ያስታውቃል» ይሉኛል።

ሥራዬን ከጥናት ጀመርኩ። ስልኬ ላይ ባለፈው ዓመት ተቀባይነት ስላገኙ ልጆች አየሁ። አንዷ በአስራ ሁለት ዓመቷ ድርጅት መሥርታለች፤ ቫዮሊን ትጫወታለች፤ ሐይቅ በዋና አቋርጣለች፤ አባቷ አምባሳደር ነው። ሌላው ምንም የለውም። ቤት የለውም፣ ወላጅ የለውም፣ ጫማ እንኳ የለውም፤ ግን ያንን ሁሉ ማጣቱን የሚናገርበት አንደበት አለው። ሀያትን አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳት።

«ያንቺ ችግር ምን መሰለሽ፣ የጎደለሽ ጉድለት ነው።»

«አልገባኝም።»

«ቫዮሊን የሚገዛልሽ ሀብታም አይደለሽም። በባዶ ሆዷ ተኛች እንዳልል የምግብ ቤት ልጅ ነሽ። አባትሽ ባለሥልጣን አይደሉም፤ ደግሞ አልሞቱም። መሃል ላይ ነሽ። መሃል ላይ ያለ ሰው አይታይም።»

«ሒሳብ እችላለሁ።»

«ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ይችላል።»

መወልወያውን እጇ ላይ ጠቀለለች፤ ፈታች፤ እንደገና ጠቀለለች። ሀያት በፈተና ቀን እንኳ ሳንድዊች እየበላች የምትገባ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን ፈራች። «እና ምን እናድርግ?» ስትለኝ ደረቴ ተነፋ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥፋት ሁሉ ከዚያች ከተነፋች ደረት የወጣ ነው።

መጀመሪያ ማኅበር መሠረትን። የአዋሽ አረንጓዴ ወጣቶች ማኅበር። ሰብሳቢዋ እሷ፣ ሕዝብ ግንኙነቱ እኔ፣ ሌላ አባል የለም። መኪና ማቆሚያው ጎን ሰባት የኒም ችግኝ ተከልን። ፎቶ ላነሳ ስልኬን እስካስተካክል ፍየሎች ደረሱ። የተገኘው ፎቶ ላይ ሀያት አካፋ ይዛ ቆማለች፤ አጠገቧ አንድ ፍየል የማኅበራችንን ሰባተኛ ችግኝ በአፉ ይዞ ካሜራውን በኩራት ያያል። «እንስሳትን የመመገብ ፕሮጀክት ብለን እንላከው» አልኳት። አካፋውን እንደያዘች ወደ እኔ መምጣት ስትጀምር ማኅበሩ ፈረሰ።

ቀጥዬ ዋናን አሰብኩ። አዋሽ ወንዝ ዳር ወሰድኳት።

«እዚህ እንድዋኝ ነው የምትፈልገው?» አለችኝ።

«ማዶ ደርሰሽ መመለስ ብቻ ነው።»

«እስቲ መጀመሪያ አንተ ግባ።»

ገባሁ። ማለቴ፣ ግራ እግሬ ገባ። ዳር ላይ ያለው ጭቃ ከነሸራ ጫማዬ እስከ ጉልበቴ ዋጠው። ስጎትት ጠለቀ፤ ስጠልቅ ጮህኩ። ሀያት አንድ እጇን የግራር ሥር ላይ አድርጋ በሌላው እጄን ይዛ ጎተተችኝ። እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ ቀረ። ትንሽ ራቅ ብሎ ግመሎቹን ውሃ የሚያጠጣ አንድ የአፋር ሰው በእርጋታ ሲያየን ቆይቶ «አንዳንድ ቀን እዚህ አዞ ይወጣል» አለን። «ዛሬ ግን የለም።» አመሰገንነው። በአንድ ጫማ ወደ ከተማ ስወጣ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረችው ቃል አንድ ብቻ ነበረች። «አዞ።» «የለም» የምትለዋ ጆሮዬ ላይ ቀርታለች።

እንግዲህ ሁለቱ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ነው ተቀምጬ ጋሽ ሰይድን ከድልድይ የጣልኳቸው። እሳቸውም እንዳያችሁት አልወደዱትም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጣጥፈው የሽንኩርት ልጣጭ የሚጣልበት ባልዲ ውስጥ ከተው ውሳኔ አስተላለፉ። ጽሑፉን ሀያት ራሷ ትጽፋለች። ማመልከቻው ረቡዕ ምሽት ይዘጋል። ደብዳቤውን የሚጽፉላት፣ ፊዚክስ ያስተማሯት ቲቸር ሁመድ፣ አሁን ሰመራ ትምህርት ቢሮ ገብተዋል፤ ማኅተሙም እሳቸው ጋ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሰመራ ይኬዳል።

«አንተም ትመጣለህ» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። «ያበላሸኸውን ብትጠየቅ የምትመልሰው አንተ ነህ።»

«እርስዎስ ጋሼ? ምግብ ቤቱን ማን ያየዋል?»

«የሞተ ሰው ምን ሥራ አለው?»

ይህ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ያደረግሁትን ግን ለመናገር አሁንም ጎኔን ያሳክከኛል።

ቲቸር ሁመድ ደረቅ ሰው ናቸው። አፋምቦ ነው የተወለዱት፣ አዋሽ በሚያልቅበት አገር። ያላዩትን አይጽፉም፤ ያዩትንም ቢሆን ቅጽል ሳያለብሱ ነው የሚጽፉት። «ሀያት ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ ከሰላምታ ጋር» ብለው ማኅተም ሊመቱበት ይችላሉ። በአምባሳደር ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ መሄድ በማንኪያ ግመል እንደ ማጠጣት ነው። እኔ ብለምናቸው አይሰሙኝም። ግን አፋር ናቸው። ዳጉን ይሰማሉ።

ዳጉ ለማታውቁ፦ የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። እጅ ተሳስሞ ይቀመጥና ወሬ ይለዋወጣል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ። ያየኸውን አየሁ ትላለህ፤ የሰማኸውን ከእገሌ ሰማሁ ትላለህ። የሰማህ ሰው ለሚቀጥለው ይናገራል፣ ከነስምህ። ድሮ በእግርና በግመል ይሄድ ነበር፤ አሁን መኪናና ሞባይል ተጨምሮበታል። በዳጉ የሚዋሽ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ለዚህም ነው የሚታመነው። እኔ አዋሽ ተወልጄ አዋሽ ያደግሁ ሰው ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም እንዲህ አሰብኩ፦ በጣም የሚታመን ነገር ከሆነ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ብንጨምርበት እሷም ትታመናለች።

ገዓስ የሚባል ሾፌር ወዳጅ አለኝ። መኪናው ኋላ ላይ ያለውን ስንኝ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ወደ ሰመራ ሊወርድ ሲል ሻይ ቤት አገኘሁት። እጅ ተሳስመን ተቀመጥን። ሰላም ነው፣ ዝናቡ፣ ከብቱ፣ መንገዱ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።

«የጋሽ ሰይድ ልጅ ሀያት ሰው ከአዞ አፍ አወጣች» አልኩት።

ገዓስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አየህ ወይስ ሰማህ?»

«አየሁ።»

«ሰውየው ማነው?»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። የሌላ ሰው ስም ብጠራ ያ ሰው ይጠየቃል። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ደህና ትመስላለህ።»

«አወጣችኝ አልኩህ እኮ።»

«የት ላይ ነከሰህ?»

«እግሬን።»

«የትኛውን?»

ጭቃው የያዘኝ ግራውን ነበር። አንዲት እውነት እንኳ ትግባበት ብዬ «ግራውን» አልኩ። ደግሞ አስቡት፣ የሠራሁት ወንጀል ጭቃን በአዞ መተካት ብቻ ነው። ገጣሚ ነኝ፤ በየቀኑ የማደርገው ነገር ነው።

«አዞው ምን ያህል ይሆናል?»

«አልለካሁትም። ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«እስቲ አሳየኝ እግርህን።»

«ቁስሉ ንፋስ አይወድም። ነገ እኔም ሰመራ ነኝ፣ ቲቸር ሁመድ ጋ። በል መንገድ አይያዝብህ።»

ረቡዕ ጠዋት ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ከአባትና ልጅ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ጋሽ ሰይድ ከፊት፣ ሀያት መሃል፣ እኔ ከኋላ ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ጋር። ገዋኔ ለሻይ ወረድን። ሻይ የምትቀዳው ሴትዮ ገና ስታየኝ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች።

«ከአዋሽ ነህ? አንተ ነህ አዞ የነከሰህ?»

«እ... አዎ።»

«ያ ረቢ፣ እንዲህ ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ እንዴ?»

ማነከስ የጀመርኩት ያኔ ነው። ለሻይ ገንዘብ ላለመቀበል ማለችብኝ፤ የተቀመጡት ሰዎች ወንበር ለቀቁልኝ፤ አንዱ ሌላ ወንበር አምጥቶ እግሬን ሰቀለልኝ። ጋሽ ሰይድና ሀያት ቴምር ገዝተው ሲመለሱ እኔ እንደ ሡልጣን ተንጋልዬ አገኙኝ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ሀያት።

«እግሬ ደነዘዘ።»

«ሽንኩርቱ ተጭኖት ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ አዝነውልኝ።

ሚሌ ስንደርስ ኬላው ላይ ሁሉም ሰው ይወርዳል። ወረድኩ፣ እያነከስኩ። ጥላ ሥር ጅሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ ታጥቀው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እስከ ኬላው ስሄድ አዩኝ፤ ስመለስም አዩኝ። ከዚያ በእጃቸው ጠሩኝ።

«ግራውን ነው የተባለው» አሉ።

«አዎ አባቴ፣ ግራውን ነው።»

«የምታነክሰው በቀኝ ነው።»

ወደ ታች አየሁ። እውነትም በቀኝ ነው። ገዋኔ በየትኛው እንደጀመርኩ አላስታውስም። «ሕመሙ... ተላለፈ» አልኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለመስማማት ሳይሆን ለመያዝ፣ ለሚቀጥለው ሰው ለማድረስ። ከዚያ ከኋላዬ የቆመችውን ሀያትን አዩ።

«አንቺ ነሽ ከአዞ ጋር የታገልሽው?»

ሀያት ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «የቱ አዞ?»

«እሱ በዓይኔ አየሁ ብሏል» አሉ ሽማግሌው።

ጋሽ ሰይድ የቴምሩን ፌስታል ጣሉት። «ልጄ ከአዞ ጋር ስትታገል እኔ የት ነበርኩ?»

«ሞተህ ነበራ፣ አባዬ» አለች ሀያት።

ሰው ሲሰድበኝ እወዳለሁ፤ ቢያንስ የት እንደቆምኩ አውቃለሁ። እሷ ግን ደብተሯን አወጣችና በሚኒባሱ መንገጫገጭ መሃል መጻፍ ጀመረች። ሎጊያ ስንደርስ አንድ የባጃጅ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «አዞ፣ እንዴት ነህ?» አለኝ። በቀን ውስጥ ከተነካሽነት ወደ ነካሽነት አደግሁ። ሀያት ገጽ ገለጠች፣ ቀጠለች።

ሰመራ ስንደርስ ቢሮው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ቲቸር ሁመድ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ግድግዳውን ተደግፈው ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው መሃል ላይ፣ በጋዜጣ ላይ በክብር ተቀምጦ፣ ጭቃው የደረቀበት አንድ ሸራ ጫማ አለ። ግራ።

ያንተ ነው ያለኝ ሰው የለም። ማሰሪያው ሁለት ቦታ ተቋጥሯል፤ የቋጠርኩት እኔ ነኝ።

«ትላንት ማታ ከገዓስ አንድ ወሬ መጣ» አሉ ቲቸር ሁመድ። «ዛሬ ጠዋት ሌላ መጣ። ወንዝ ዳር ግመል ሲያጠጣ የነበረው ሰው አዞ አላየሁም፣ ያየሁት ጭቃ ነው ብሏል። ጫማውንም ከጭቃው አውጥቶ፣ ሰውየው ሰመራ ይሄዳል ስለተባለ ይድረሰው ብሎ በመኪና ላከው። ሁለት ወሬ አለን። ሁለታችሁም አየሁ ብላችኋል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ለሀያት ልጽፍላት ዝግጁ ነበርኩ። አሁን ግን ስሟ ከውሸት ጋር እየተጓዘ ነው። እሷ የምታውቀው ነገር ከሆነ እኔ አልፈርምም። አልዋሽህም፣ ብፈርም ከዚያ በኋላ ፊርማዬ ሁሉ አዞ ይሆናል።»

ሀያትን አየኋት። ደብተሯን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ይሄዳል። ይህች ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ነገር እኔ ባወራሁት አዞ ሊበላ ነው።

«አየህ፣ ሰማህ ወይስ ፈጠርክ?» አሉኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ፈጠርኩ» አልኩ። «እሷ አታውቅም። አባቷም አያውቁም። ጭቃ ነው። እሷ ጎተተችኝ፤ ያ ብቻ ነው እውነቱ።»

«ቲቸር፣ ጎትቼዋለሁ» አለች ሀያት። «ብተወው ይሻል ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንደኛው ጥርስ ስለሌላቸው ሳቃቸው እንደ ንፋስ ነው። ተነጋገሩና ፍርድ ሰጡ። በመጣሁበት መንገድ እመለሳለሁ፤ ሎጊያ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ እየወረድኩ አዞ አልነበረም፣ ጭቃ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ እላለሁ። አዋሽ ደርሼ የመጨረሻው ሰው እስኪሰማ ድረስ ማንም ከእኔ ወሬ አይቀበልም። የሻይዋንም ሴትዮ ሒሳብ እንድከፍል ተባልኩ።

ቲቸር ሁመድ ኮምፒውተራቸውን ወደ ራሳቸው አዞሩ። «ሀያት፣ ምን ልጻፍልሽ?»

«ያዩትን።»

እየጻፉ በአማርኛ አሰሙን። «አስረኛ ክፍል ሳለች አዋሽ ባሕር ሳይደርስ ውሃው የት ይሄዳል ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አዋሽ የሚያልቅበት አገር ተወልጄ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። በሳምንቱ ጣሪያቸው ላይ ውሃ የሞላ ገንዳ አስቀምጣ፣ በየቀኑ ፀሐይ ያጎደለችውን ምልክት አድርጋ፣ አዋሽ የሚያልቅበት ሐይቅ ስንት ገንዳ እንደሚሆን አስልታ አሳየችኝ፤ ምልክቶቹን አይቻለሁ።» ሌላ መስመር ጀመሩ። «አባቷ ምግብ ቤት ስበላ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ገባ። ሁሉም በአንዴ አዘዘ፤ ያለ በርበሬ የሚለው፣ እንቁላል ጨምሪ የሚለው፣ ፓስታውን ቀይሪልኝ የሚለው። አንድም ሳትጽፍ ሁሉንም በየወንበሩ አደረሰች፤ የተሳሳተ ሰሃን አላየሁም። ከዚህ በላይ ያየሁት የለም።»

አለቀ። ገንዳና ሰሃን። አንድ ቅጽል የለበትም። እኔ ለሦስት ሳምንት ቫዮሊን ስፈልግ ገንዳው ጣሪያቸው ላይ ነበር፤ ምሳ በበላሁ ቁጥር በሥሩ አልፌያለሁ።

«ቲቸር» አልኩ፣ «ከገንዳው ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ምሳሌያዊ አባባል ብትገባ...»

«ተቀመጥ» አሉኝ አራቱም። ሀያት አልተናገረችም፣ ስለዚህ አራተኛው ጋሽ ሰይድ ናቸው።

ማኅተሙ ተመታ። ጋሽ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኛ የምናውቀው ትልቅ ሰው የለም። በዚህ ደብዳቤ ይቀበሏታል?»

ቲቸር ሁመድ ማኅተሙን ወደ መሳቢያው መለሱ። «አላየሁም» አሉ። «አልሰማሁም። ጎበዞች በጣም ብዙ ናቸው፣ ወንበሩ ትንሽ ነው። ላይቀበሏት ይችላሉ። ካልተቀበሏት ግን ያልተቀበሉት እሷን ይሆናል፤ ሌላ ሰው አይሆንም።»

ሀያት ደብተሯን ለአባቷ ሰጠቻቸው። «አባዬ፣ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብበው።»

ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። «አባቴ በሕይወት አለ» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ «አዋሽ ላይ ምግብ ቤት አለው፣ ጣሪያውንም ሳያጉረመርም ሰጥቶኛል።» ደብተሩን ዘጉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እንኳን ደህና መጣሁ።» ወደ በሩ ሄደው ዞሩና አዩኝ። «አንተ፣ ከእንግዲህ ስለ እኔ መጻፍ ካማረህ ጠብቅ። አንድ ቀን በትክክል እሞትልሃለሁ።» ኢንተርኔት ቤት የሚያደርስ ባጃጅ ሊይዙ ወጡ።

ሀያት ደብዳቤውን ደብተሯ መሃል ከተተች፤ ለቲቸሯ እጅ ነሥታ፣ ሽማግሌዎቹን ተሰናብታ መራመድ ጀመረች። ምሽት ሳይደርስ ጽሑፉን ተርጉማ መላክ አለባት። እኔም ጫማዬን ከጋዜጣው ላይ አንስቼ ልከተላት ተነሣሁ። ይቅርታ ልላት ነበር፤ ለመንገድ የሚሆን ሁለት ስንኝም አዘጋጅቻለሁ። ከኋላዬ ሽማግሌው «ወዴት? ዳጉ ከዚህ ይጀምራል» አሉ። ሰማኋቸው፣ ግን ከልማዴ እያነከስኩ ሦስት እርምጃ ሄጃለሁ።

ሀያት በሩን እንደያዘች ቆመች። ፊቴን አይደለም ያየችው። ወደ ታች፣ እግሮቼን ነው።

«ግራውን ነው» አለች፣ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።